የሮቤ ቅዳሜዎች

ለ65 ጥያቄ 3 ሰዓት። በ2001 ዓ.ም. ግንቦት የተፈተንነው የ12ኛ ክፍል ሒሳብ እንዲህ ነበር። 180 ደቂቃ ለ65 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። መልስ መስጫው ላይ አንዷን ፊደል በእርሳስ ማጥቆር 10 ሰከንድ ቢፈጅ ደግሞ፣ ከ3ቱ ሰዓት ላይ 11 ደቂቃ የሚጠጋው በማጥቆር ብቻ ያልቃል። ይህን ስሌት ከፈተናው ወራት ቀደም ብሎ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ያሳየን የሒሳብ መምህራችን ነበር። ዛሬም ስለ ብሔራዊ ፈተና ሲወራ፣ ከውጤቱና ከመቶኛው በፊት ትዝ የሚለኝ ያ ሰሌዳ ነው።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። መሰናዶን የተማርኩት ግን ሮቤ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያራርቃቸው 14 ኪሎ ሜትር ቢሆንም አየራቸው አንድ አይደለም። ጎባ ከተራራው ሥር ናት፤ ከበላይዋ የሳነቴ አምባ፣ ከዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከዚያ ይወርዳል። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን መሥሪያ ቤቱም ሹሙም እዚያ ነበር። በእኛ ጊዜ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ሆናለች፤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ከግቢው የሚወጡ ተማሪዎችን በመንገድ ስናይ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኛም እንዲህ ደብተር አቅፈን በአንዱ አገር እንሄዳለን እያልን እናስብ ነበር።

ክፍላችን ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ የሞላበት ነበር። ከዲንሾ፣ ከአጋርፋ፣ ከጎሮ፣ ከሲናና ገጠር መጥተው ሦስት አራት እየሆኑ አንዲት ክፍል የሚከራዩ ብዙ ነበሩ። እናቶቻቸው በቅቤ የታሸ ጩኮ ይልኩላቸዋል፤ ጩኮ ቶሎ አይበላሽም፣ እሳትም አይፈልግም፣ ለሚያጠና ልጅ ከዚያ የተሻለ ስንቅ አላውቅም። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። የቦናው አዝመራ በታኅሣሥና በጥር ሲደርስ ከእነዚህ ልጆች ግማሾቹ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከክፍል ይጠፋሉ። ስንዴው በኮምባይነር ይታጨድ እንጂ ጆንያውን የሚሞላውና የሚጭነው፣ ኮምባይነር የማይገባበትን ዳገት የሚያጭደው ሰው ነው። ተመልሰው ሲመጡ ፕላዝማው ሁለት ምዕራፍ አልፏቸዋል።

ስለ ፕላዝማው ጥቂት ልበል፤ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበርና ሮቤ ያለውም ጎንደር ያለውም ጋምቤላ ያለውም ተማሪ በዚያችው ደቂቃ ያንኑ ትምህርት ያያል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ ማለት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ሌላ ርዕስ ላይ ደርሳለች።

እኔ በልቤ የያዝኩት ግን የመልመጃውን ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይወጣል፤ ይህን ያህል ደቂቃ አላችሁ ተብሎ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይከፈታል። እንግሊዝኛውን አንብበን፣ ምን እንደተጠየቅን ተረድተን፣ እርሳስ ስናነሳ ሙዚቃው ይቆማል። መልሱ ከነአሠራሩ ይወጣል፤ እንገለብጣለን። ፕላዝማን በቅላጼው፣ በፍጥነቱ፣ መምህሩን ተመልካች በማድረጉ የወቀሱት ብዙ ናቸው፤ ወቀሳቸው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አለ። ያ መልመጃ መጠበቅን አስለመደን። ሰዓቱ እንደማይበቃ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ አይጀምርም፤ እርሳሱን አስቀምጦ መልሱ እስኪመጣ ያያል። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይህን ተለማመድን። ከዚያ ደግሞ መልስ የሚያመጣ ማንም ወደሌለበት አዳራሽ ልንገባ ነው።

መምህራችን ይህን ያየ ሰው ነበር። ሁላችንም ቲቸር ነበር የምንለው። ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ዝም ሲል ክፍል አስከፈተ፤ የከፈለውም ያስከፈለውም አልነበረም። ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሰበሰባቸውን የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎች ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ከመደጋገሙ ብዛት ደብዝዞ አንዳንዱ ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም ነበር። ከቤቱ ግድግዳ ነቅሎ ያመጣውን ሰዓት ከሰሌዳው በላይ ባለች ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ ለ3 ሰዓት አያስተምርም። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው አፉን ዘግቶ በክፍሉ መካከል ሲመላለስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መውጣት የለም፣ መነጋገር የለም፣ መጠየቅ የለም። 30 ደቂቃ ሲቀር ሰሌዳው ላይ «30» ብሎ ይጽፋል፣ ቀጥሎ «15»፣ ቀጥሎ «5»። ሲያበቃ እርሳስ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሰሞን በጣም አስጠላን። የመጣነው ሊያስረዳን፣ ያላለቀውን ምዕራፍ ሊጨርስልን መስሎን ነበር። አንዷ ልጅ ደፍራ፣ «ቲቸር፣ ሰዓቱንማ ቤታችንም እናየዋለን፤ ኮኒክ ሴክሽኑን ቢያስረዱን አይሻልም?» አለችው። እሱም አልተቆጣም። «ኮኒክ ሴክሽን ማክሰኞ አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ወረቀት ጋር መቀመጥ ግን በየትኛው ክፍለ ጊዜ አለ?» አላት። እውነትም አልነበረም። በሕይወታችን ከ40 ደቂቃ በላይ በአንድ ተቀምጠን ሒሳብ ሠርተን አናውቅም ነበር።

ወረቀቱን በሦስት ዙር ማለፍ ነበር ያስተማረን። በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 65 ድረስ ይኬዳል። አንብበን ስንጨርስ መንገዱ የታየንን ብቻ እንሠራለን። መንገዱ ታይቶን ረጅም የሆነብንን ቁጥሩን እናከብበዋለን፤ ጭራሽ ያልገባንን መስቀል እናደርግበታለን። ለዚህ ዙር ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በሁለተኛው ዙር ወደ ክቦቹ ብቻ እንመለሳለን። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለመስቀሎቹና ለመልስ መስጫው ነው። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኖርም፤ ከአራት ምርጫ በግምት ከስምንቱ ሁለቱ ሊገኙ ይችላሉ፣ ስምንቱንም ባዶ ትተን ከምናጣ ደግሞ ስድስቱን መሳት ይሻለናል ይለን ነበር።

ሲነገር ቀላል ነው። ያስቸገረን ማለፉ ነው። ጎበዝ ተማሪ ጥያቄ ጥሎ አያልፍም ተብሎ ያደገ ልጅ እለፍ ሲባል እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። በተለይ ጎበዞቹ አልሰማ አሉት። ያኔ ነው የባሌን ምሳሌ ያመጣላቸው፦ ኮምባይነር የያዘ ሰው ጠል ያልለቀቀው ማሳ ውስጥ ገብቶ አይጣበቅም፤ በደረቀው ይጀምርና ፀሐይ ሲወጣ ወደ እርጥቡ ይመለሳል፤ ማሳውን የተወው ግን ማንም አይልም። የገጠሮቹ ልጆች ሳቁ፤ እኔ የከተማዋ ግን አጠገቤ ያለው ልጅ እስኪያስረዳኝ አልገባኝም።

ያ አጠገቤ ያለው ልጅ ከዲንሾ በኩል የመጣ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ አሁንም መምህር ነው፣ በስሙ መጻፌን አይወድም። ሒሳብን እንደሱ የሚያውቅ በክፍላችን አልነበረም ብል አላጋነንኩም። እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነውና ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ አንዴ ለቋንቋው፣ አንዴ ለሒሳቡ። ቀመር ሸምድዶ መጠቀም ደግሞ አይሆንለትም፤ ከየት እንደመጣ ካላየው እጁ አይሄድም። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣ፦ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲቀነስ 5 ኤክስ፣ ሲደመር 3፣ እኩል ይሆናል ዜሮ፤ የሁለቱ ሩቶች ስኩዌር ድምር ስንት ነው? እሱ ሩቶቹን ፈለገ። የ13 ስኩዌር ሩት ያለባቸው ሁለት አስቀያሚ ቁጥሮች ወጡለት፤ ሁለቱንም ስኩዌር አደረገ፣ ደመረ፣ 76 ለ4 አካፈለ፣ 19 አለ። ገጹ ሞልቷል። ቲቸር ሰሌዳው ላይ የሠራው አንድ መስመር ነበር፦ የሩቶቹ ድምር 5፣ ብዜታቸው 3፤ 5 ስኩዌር 25፣ ከዚያ ላይ የ3 እጥፍ 6 ሲቀነስ 19። ጓደኛዬ ሰሌዳውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ «ሁለቱም ልክ ናቸው» አለ። ቲቸርም «ሁለቱም ልክ ናቸው። ያንተ አምስት ደቂቃ፣ የኔ ግማሽ ደቂቃ። ማሽኑ ደግሞ የሚያየው ፊደሏን ብቻ ነው» አለው።

ማሽኑ የሚለው አዲስ አበባ መልስ መስጫ የሚያነበውን ነው። ስለሱ ብዙ ወሬ ነበር፤ ላጲስ ያቆሸሸውን አያነብም፣ ያልጠቆረውን ይዘልላል፣ የታጠፈውን ይጥላል ይባላል። ቲቸር ወሬውን ትቶ አንድ ነገር ላይ ብቻ ጠንክሮ ያዘን። ጥያቄ ዘልሎ የሚያልፍ ልጅ መልስ መስጫው ላይም መዝለሉን ከረሳ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ይዛነፋል። ስለዚህ የግራ እጅ ጣት ሁልጊዜ የጥያቄው ቁጥር ላይ ነው፤ ከማጥቆር በፊት ቁጥሩ በልብ ይነበባል። እስከ ዛሬ ቅጽ ስሞላ ግራ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነው።

ፈተናው የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጠዋት እንግሊዝኛ ተፈትነን ደክሞናል። በግንቦት የባሌ ዝናብ ከሰዓት ይመርጣል። ከሌላ ወረዳ የመጡት ፈታኞች የታሸገውን ቦርሳ ፊታችን ከፍተው፣ ጥራዙን አድለው፣ መመሪያውን አንብበው ሲጨርሱ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ክፍሉ ጨለም አለ። ፈታኙ የሚለው አይሰማም፤ ግን ሰሌዳው ላይ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ጽፎ ነበርና ለኔ በቂ ነበር። አጎቴ ያዋሰኝን የእጅ ሰዓት አውልቄ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖርኩት። ሰዓት ያልያዘው ደግሞ ፈታኙ ሰሌዳው ላይ እስኪጽፍለት ይጠብቃል።

ስለራሴ ብዙ የምለው የለም። ሦስቱን ዙር ሄድኩ። መስቀሎቹ ላይ ስደርስ አሥር ደቂቃ ነበረኝ፤ ባዶ የተውኩት የለም። ካወቅኩት በላይ አላገኘሁም፣ ያወቅኩትንም አላጣሁም። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ጓደኛዬ የተፈተነው ሌላ ክፍል ነበር። ማታ እሱና ጓደኞቹ የተከራዩዋት ክፍል ስሄድ ጩኮው መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። ኤሊፕስ ላይ የነበረ አንድ ጥያቄ ያዘው። ማለፍ እንዳለበት ያውቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያደርገው ከርሟል። ግን መንገዱ ታይቶታል፤ ደግሞ ውብ መንገድ ነበር። «ሊያልቅ ነው፣ አሁን ሊያልቅ ነው» እያለ ሩብ ሰዓት ሄደበት። ከዚያ በኋላ የተወሰደበትን ለማካካስ ሮጠ፤ ሲሮጥ የሚያውቃቸውን ተሳሳተ። 30 ደቂቃ ቀረ ሲባል ከግማሽ ብዙም አላለፈም ነበር። የቀሩትን በመጨረሻው ደቂቃ ሁሉንም «ሲ» ላይ አጠቆረ። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ ያንን የኤሊፕስ ጥያቄ በደብተር ጀርባ ላይ ሠርቶ አሳየኝ። ልክ ነበር። በሮቤ ያን ቀን ያን ጥያቄ ሠርቶ ያገኘው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ያስገኘለት ግን አንድ ነጥብ ነው፤ አንደኛው ጥያቄ ለሁላችን ያስገኘውን ያህል።

ሲቪል ምህንድስና ነበር የሚፈልገው፤ በምደባው ሒሳብ ደረሰው። የሚወደው ነው የደረሰው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያን ማታ አየሁት። የሚወዱትን መርጦ መያዝና የተረፈውን መቀበል አንድ አይደሉም።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀመጠች። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዙር ነው፤ ተማሪዎቹ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው ዶርም ገቡ። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ደነገጠ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ ከዚያ 8.4 በመቶ እየሆነ ሄደ። ስለ ኩረጃው፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ኮሮናው ብዙ ተባለ፤ የተባለው ሁሉ አለበት። ልጅቷን ግን እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነበር። «ከፈተናው በፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠሽ ሒሳብ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ኧረ በፍጹም» አለች። ቴሌግራም ላይ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው ሞልተዋል፤ ስልኳ ላይ ሁሉም ነበራት። ጥያቄውን ታነባለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ መልሱን ታያለች። ስትነግረኝ የፕላዝማውን ሙዚቃ ሰማሁት።

ጥያቄ አልጎደለንም፤ እኛ በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ የተናጠቅነው ዛሬ በየእጁ ነው። የጎደለው አንድ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት፣ እና ዝም ብሎ የሚመላለስ አንድ ሰው ነው። ያን ያገኘ ልጅና ያላገኘ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 180 ደቂቃው እኩል የተሰጣቸው ይመስላል። እኔ ግን እኩል ነው ብዬ ማመን አልችልም፤ አንዱ የገባው ከሚያውቀው ሰዓት ጋር ነው፣ ሌላው ሰዓቱን የሚተዋወቀው እዚያው ነው። የአዝመራው ሳምንት፣ የመብራቱ መጥፋት፣ ሁለቴ የሚነበበው እንግሊዝኛ፣ ሁሉም ከዚያው ደቂቃ ላይ ይቆረጣል።

ከጓደኛዬ ጋር አሁንም በዚህ ጉዳይ አንስማማም። እሱ ባሌ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ክፍል ያስከፍታል፣ ሰዓት ይሰቅላል፣ ሦስቱን ዙር እኛ በተማርነው መልክ ያስተምራል። ሥራውን ከልቡ ይሠራል፤ ፈተናውን ግን አይቀበለውም። በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ አሁን ደግሞ ስክሪን ላይ እያነበበ ሌላ ወረቀት ላይ የሚያሰላ ልጅ ይበልጥ ይዘገያል ብሎ ደወለልኝ። እኔ ሁልጊዜ የምለው ሁሉም ትምህርት ቤት እንዳንተ ቅዳሜ ይኑረው ነው። እሱ የሚለው ጥያቄው 40 ይሁን፣ ሰዓቱ 3 ይቆይ፣ ልጁም እስከ መጨረሻው አስቦ ይሥራ ነው። ባለፈው ስንነጋገር፣ «አንቺ የምትፈልጊው ልጆቹ ማለፍን እንዲለምዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ከነሱ መሐል አንዱ ያንን ኤሊፕስ እንዲጨርሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም 40 ጥያቄውን ተቀብዬለታለሁ፤ እሱ ግን እስኪሆን ድረስ ቅዳሜውን እንዳይተው አስምዬዋለሁ።